ትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች በዓመታዊው ምርመራ ስለሚወድቁባቸው ምክንያቶች

ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከሰከላ ገጠር ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመጣን ተማሪዎች ሞተር ብስክሌት ምን ያህል እንደሚጠቅም መንገር አያሻም። የግብርና ሠራተኛው ወደ ቀበሌው የሚወጣው በእርሱ ነው፤ መኪና በማይገባበት መንደር ምጥ የያዛት ሴት በሰው ተደግፋ ወደ ጤና ጣቢያ የምትደርስበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ «ቦሎ ተከለከለ» የሚባለው ወሬ የባለ ሞተሩ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ቦሎ የጣልያን ቃል ሲሆን ማኅተም ማለት ነው። ፍሬን፣ ካቴና፣ ፍሬቻ፣ ማርሚታና ታርጋም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወራሪ ሲባረር ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ትቷቸው ሄደ ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። ምርመራውን ግን የራሳችን ሕግ አቁሞታል፤ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር ደንግጓል።

እንዲህ ያለ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1960 በተጀመረበት በእንግሊዝ አገር፣ ሞተር ብስክሌቶችን ከሚጥሉት ጉድለቶች ግንባር ቀደሙ የመብራትና የምልክት ጉድለት ነው። በእኛ አገር ኮረኮንቹ ሲጨመርበት ነገሩ አያስደንቅም፤ ንዝረቱ የአምፑሉን ክር ይበጥሳል፣ የሽቦውንም መጋጠሚያ ያላላል። የፍሬን መብራት በብዙዎቹ ሞተሮች ሁለት ማብሪያ አለው፤ አንዱ ለእጅ፣ አንዱ ለእግር ፍሬን። ባለቤቱ አንዱን ሞክሮ ይሄዳል፤ መርማሪው ሁለቱንም ይይዛል።

ይበልጥ ልናብራራ የምንወደው የካቴናንና የፍሬንን ዝምድና ነው። በክረምት ጭቃ ካቴናው ይበላል፣ ይረዝማል፣ ይላላል። በትንንሽ ሞተሮች መካከሉ ላይ በጣት ሲገፋ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል መወዛወዙ ደኅና ነው፤ ከዚያ ካለፈ ባለ ሞተሩ የኋላውን ጎማ ወደ ኋላ ስቦ ያጠብቀዋል። ታዲያ የእግር ፍሬኑ ዘንግ ከጎማው ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ጎማው ወደ ኋላ ሲሄድ ፍሬኑም አብሮ ይጠብቃል። ሸራው ሳይረገጥ እየታከከ ይግላል፣ ያልቃል። ፍሬኑ ቶሎ ስለሚይዝም መርገጫው ማብሪያውን ሳይስብ ይቆማል፤ መብራቱ አይበራም። የግራና የቀኙ ማጥበቂያ እኩል ካልተዞረ ደግሞ ጎማው ይጣመማል። እንግዲህ አንድ ብሎን በማጥበቅ ሦስት ጉድለት ተፈጠረ ማለት ነው፤ ባለቤቱ ግን «አሁን ገና አስጠግኜው!» እያለ ያማርራል። ካቴና በተነካ ቁጥር ፍሬኑንና መብራቱን እንደ ገና ማስተካከል ይገባል።

የመሪው ኩሽኔታም በኮረኮንች ይጎዳል። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሥቶ መሪውን ቀስ ብሎ ማዞር ነው፤ መካከል ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ ከያዘ ተበልቷል። ከኋላ ጆንያ በቆሎ የለመደ ሞተር ደግሞ አሞርዛተሩ ይሞትና የፊት መብራቱ ሰማይ ያያል።

ስለ ጭሱ ደግሞ የአገራችንን ከፍታ ማሰብ ያስፈልጋል። ግሽ ዓባይ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚያ ሲደርስ ለአየሩ የማይመጥን ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታውም ጥቁር ጭስ ይተፋል። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ግን የሚቃጠለው ዘይት ነውና ከፍታውን መውቀስ አይቻልም።

ስፖኪዮ ነቅሎ መጣል የወጣቶች ፋሽን ነው፤ ለምርመራው ቀን ከጓደኛ ተውሶ ማታ መመለስም እንዲሁ። ወረቀቱ ይገኛል፤ በማግስቱ ከኋላ የሚመጣው አይሱዙ ግን አይታይም።

በመጨረሻ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ፣ ወይም ቁጥሩ በቀለም ከተሸፈነ፣ ፍሬኑ የቱን ያህል ቢይዝ ዋጋ የለውም። ጭቃ ብቻ ከሆነ በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ይበቃዋል።