ለቃለ መጠይቅ ትንተና የትኛውን ሶፍትዌር እንምረጥ?

የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ «ኤንቪቮ ያለው አለ?» የሚለው ጥያቄ በየዶርሙ ይዞራል። ውድ እህትና ወንድሞች፣ ከሶፍትዌሩ በፊት መረጃችንን እንይ።

ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ፈረንሳይና ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ እናቶችን እናጥና እንበል። የሚያወሩን በአማርኛ ነው፤ ጣጣውም ከዚሁ ይጀምራል። አንዷ «ወገቤን ያመኛል» ብትል፣ መፈለጊያው ላይ «ወገብ» ብለን ብንጽፍ አናገኛትም፤ «ብ» ወደ «ቤ» ተለውጣለችና። «ወገ» ብለን ብናሳጥረው ደግሞ «ወገን»ን ጨምሮ ያመጣል። «ሸክም» ብለን ብንፈልግ «ተሸክሜ» እና «መሸከም» ያመልጡናል። «ሥራ» እና «ስራ»ም ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ በማስተማሪያ ቪዲዮዎች የሚያምረው የቃላት ቆጠራ ለእኛ እምብዛም አይጠቅምም። የሚያስፈልገን እያነበብን ኮድ የምንሰጥበት፣ ኮድ የሰጠነውንም ሰብስቦ የሚያሳየን መሣሪያ ነው።

ለዚህ ነጻዎቹ ይበቃሉ። የስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ኦፕን ኮድ ለጤና ተማሪዎቻችን እንግዳ አይደለም፤ ኡሜኦ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም አብሮ የሠራ ነው። ታጌት ወርድና ፒዲኤፍ ይቀበላል፤ በአንድ ከሰዓት ይለመዳል። ድምፅና ቪዲዮ ላይ ኮድ መስጠት የፈለገ ኳልኮደርን ይሞክር። ኳልኮደር ሥራውን በኪውዲፒኤክስ ፋይል ስለሚያወጣ በኋላ ወደ ኤንቪቮ፣ ማክስኪውዲኤ ወይም አትላስ ቲአይ ማዛወርም ይቻላል።

የእነዚህ የሦስቱ ፈቃድ በውጭ ምንዛሬ ስለሚከፈል ብዙዎቻችን በፍላሽ የሚዞረውን ክራክ እንጭናለን። የሰው ሐቅ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ሌላም ነገር አለ። እነዚያ እናቶች ከጫካ ጥበቃ ጋር ስለገጠማቸው ሊነግሩን ይችላሉ፤ ቃላቸው አማና ነው። ምን ይዞ እንደመጣ በማናውቀው ፕሮግራም አጠገብ አናስቀምጠው። ስማቸውን ሳናወጣ ኢንተርኔት ላይ ወዳለ የኤአይ መተንተኛ መጫንም ያው ነው።

ከመወሰናችን በፊት አንድ ገጽ አስገብተን እንፈትን። ፊደሉ ወደ ላቲን ዝብርቅርቅ ከተለወጠ ጽሑፉ ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፎንት የተተየበ ነውና አስቀድሞ ይቀየር። ቃለ መጠይቃችን አምስት ወይም ስድስት ብቻ ከሆነ ግን፣ አትመን በባለ ቀለም እስክሪብቶ ብንሠራው ይፈጥናል።