የካላዛር መመርመሪያ፦ ከመርፌ እስከ ስትሪፕ



በምሥራቅ ሱዳን ድንበር አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ትኩሳት እንግዳ ነገር አይደለም። ክረምት ሲገባ ወባ ይመጣል፤ ውኃ ሲበከል ተቅማጥና ታይፎይድ ይከተላሉ። በመሆኑም አንድ ሰው ሲያተኩሰው «ወባ ነው» ብሎ ኪኒን መዋጥ የብዙዎቻችን ልማድ ሆኗል። ይሁን እንጂ ኪኒኑ ተውጦ፣ አንድ ሳምንት አልፎ ሁለተኛው ሳምንት ሲገባ ትኩሳቱ አልለቅ ካለ ሌላ በሽታ መጠርጠር ያስፈልጋል። የገዳሪፍ ምድር የካላዛር ምድር ነውና።

በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት ስለ ካላዛር መመርመሪያ መሣሪያዎች ነው። አንድ ታማሚ ጣቱን ተወግቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ «ካላዛር የለብህም» ሲባል ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያ መልስ ምን ያህል እንደሚታመን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ይህን ለመረዳት መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ፣ በየት አገር ተሕዋስ ላይ ተመሥርቶ እንደተነደፈ ማወቅ ይጠቅማል።

1. በሽታውና ምድሩ

ካላዛርን የሚያመጣው ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ስያሜውን ያገኘው በ1903 እ.ኤ.አ. ስለ ተሕዋሱ ከጻፉት ሊሽማንና ዶኖቫን ከተባሉ ሁለት ሐኪሞች ነው። «ካላ አዛር» የሚለው ስም ደግሞ ከሕንድ የመጣ ሲሆን ጥቁር ትኩሳት ማለት ነው።

ተሕዋሱን ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከቢንቢ ታንሳለች፣ ስትበርም ድምፅ አታሰማም። ቀን ቀን በጥቁር አፈር ስንጥቅና በዛፍ ሥር ትደበቃለች፤ ሲመሽ ወጥታ ትናከሳለች። በተለይም ሱዳኖች ሂጅሊጅና ጠልህ የሚሏቸው ዛፎች በሚበቅሉበት ጥቁር አፈር ይመቻታል። ጓንግን ተከትሎ፣ ሱዳኖች አትባራ እስከሚሉት ድረስ፣ እንዲሁም ከሽንፋ እስከ ራሃድ ያለው አገር እንዲህ ያለ ነው። በድንበሩ ወዲያ ማዶ ያሉት ሁመራ፣ መተማና አብደራፊም ከዚሁ ምድር የተለዩ አይደሉም። ለሰሊጥና ለማሽላ አረም ወይም አጨዳ ወርዶ በሜዳ ያደረ ሰው ሁሉ ለዚህች ዝንብ የተጋለጠ ነው።

ከተነከሱ በኋላ በሽታው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ቆይቶ ይታያል። ምልክቶቹም ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ ከግራ ጎድን በታች የሚታወቅ የጣፊያ እብጠት፣ ክሳት፣ የፊት መገርጣት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና አንዳንድ ጊዜ ነስር ናቸው። ካልታከመ ከ100 ታማሚዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። በጊዜ ከታወቀ ግን አብዛኛው ሰው ይድናል። እንግዲህ የሞትና የሕይወት ልዩነቱ ያለው በምርመራው ላይ ነው።

ምርመራ ሳይኖር ሲቀር ምን እንደሚሆን በአማራ ክልል በሊቦ ከምከም ወረዳ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። በ2005 እ.ኤ.አ. ካላዛር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ በዚያ ብዙ ሰው የገደለው ትኩሳት መድኃኒት የማይበግረው ወባ ይመስል ነበር። ደጋ ቀመስ በሆነ አገር ካላዛር ይገኛል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

2. የቀድሞው መንገድ፦ መርፌና ማይክሮስኮፕ

ቀደም ባለው ጊዜ ካላዛርን በእርግጠኝነት ለማወቅ የሚቻለው ተሕዋሱን ራሱን በማየት ነበር። ለዚህም ሐኪሙ መርፌ ወደ ጣፊያ አስገብቶ ጥቂት ናሙና ይቀዳና በመስታወት ላይ ቀብቶ፣ ቀለም ነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ ይመረምረዋል። ናሙና ከአጥንት መቅኒ ወይም ከንፍፊትም ሊወሰድ ይችላል፤ እነዚህ ከጣፊያው ይልቅ አደጋቸው ያነሰ ቢሆንም ተሕዋሱን የማግኘት ዕድላቸውም ያነሰ ነው።

የጣፊያ ናሙና እስካሁን ድረስ ከሁሉ የሚታመን ምርመራ ነው። ችግሩ ጣፊያ በደም የተሞላ አካል መሆኑ ነው። በሠለጠነ ሐኪም እጅ እንኳ ከ1,000 ሰዎች በአንዱ ላይ ያህል ለሕይወት የሚያሰጋ የደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ የታማሚው ደም በትክክል እንደሚረጋ ማረጋገጥ፣ ከዚያም ታማሚውን ለሰዓታት አስተኝቶ መጠበቅ፣ ካስፈለገ የሚሰጥ ደምም ማዘጋጀት ይጠይቃል። ይህ ሁሉ በድንኳን ክሊኒክ ወይም በገጠር ጤና ጣቢያ አይገኝም።

3. ከሱዳናዊ ተመራማሪ የመጣ ዘዴ

ከዚህ በኋላ የተገኘው መፍትሔ ተሕዋሱን መፈለግ ትቶ የተሕዋሱን ዱካ መፈለግ ነው። ሰውነታችን ጠላት ሲገባበት ፀረ እንግዳ አካል የሚባል መከላከያ ያመርታል። ይህም በደም ውስጥ ይገኛል፤ ጣፊያን መውጋት አያስፈልግም።

በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ለሜዳ ሥራ የሚሆን ምርመራ ካዘጋጁት መካከል ስሙ በቀዳሚነት የሚነሳው ሱዳናዊው ተመራማሪ አብደላ ኤል ሐሪስ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ዘዴ በጤና ሠራተኞች ዘንድ ዳት ተብሎ ይጠራል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የሞቱ ተሕዋሳት ሰማያዊ ቀለም ይነከራሉ፤ ከዚያም ትናንሽ ጉድጓዶች ባሉት የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ደረጃ በደረጃ ከቀጠነ የታማሚው ደም ውኃ ጋር ይቀላቀላሉ። ፀረ እንግዳ አካል ካለ ተሕዋሳቱን እርስ በርስ ያያይዛቸውና እንደ ስስ ምንጣፍ ይዘረጋሉ። ከሌለ ተንሸራተው ጉድጓዱ ሥር አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ይሆናሉ። ይህን ለማንበብ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም፤ በዓይን ይታያል።

መጀመሪያ ላይ የምርመራው ፈሳሽ ቀዝቃዛ ቦታ የሚፈልግ ነበር። ማቀዝቀዣ በሌለበት በረሃ ይህ ትልቅ እንቅፋት ስለሆነ በአምስተርዳም ከተማ በሚገኘው የሐሩር አካባቢ ጤና ተቋም ፈሳሹን በቅዝቃዜ አድርቆ ዱቄት ማድረግ ተቻለ። ዱቄቱ ከፍተኛ ሙቀትን ለወራት ይቋቋማል።

ዳት በደቡብ ሱዳን የላይኛው ናይል ምዕራባዊ ክፍል በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በተነሳው ታላቅ የካላዛር ወረርሽኝ ጊዜ ብዙ አገልግሏል። በዚያ ወረርሽኝ 100,000 ያህል ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። ዳት ግን ውጤቱ እስከ ማግስቱ ያስጠብቃል፤ የሠለጠነ የላቦራቶሪ ባለሙያና ጥንቃቄም ይጠይቃል። ከሩቅ መንደር በአህያ ወይም በትራክተር የመጣ ታማሚ ደግሞ ማደሪያ የለውም።

4. ስትሪፕ እንዴት ይሠራል?

አሁን በየጤና ጣቢያው የምናየው ስትሪፕ የመጣው ይህን ችግር ለማቃለል ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከተሕዋሱ አካል አንድን ቁራጭ ለይተው አርኬ 39 ብለው ሰየሙት። ይህ ቁራጭ በስስ ወረቀት ላይ እንደ መስመር ይደረግና ይደርቃል። የጣት ደም ጠብታና ጥቂት ፈሳሽ ሲነካው ፈሳሹ እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ ይሳባል። በደሙ ውስጥ የካላዛር ፀረ እንግዳ አካል ካለ በመስመሩ ላይ ተይዞ ይቀራል፤ አብሮት ያለው ቀለምም ቀይ ሆኖ ይታያል። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውጤቱ ይታወቃል።

ንባቡ እንዲህ ነው፦

ሀ) ሁለት መስመር ከታየ ፀረ እንግዳ አካሉ ተገኝቷል ማለት ነው። ሁለተኛው መስመር ደብዛዛ ቢሆንም እንደ መስመር ይቆጠራል።

ለ) የመቆጣጠሪያዋ መስመር ብቻ ከታየች አልተገኘም ማለት ነው።

ሐ) የመቆጣጠሪያዋ መስመር ካልታየች ስትሪፑ ተበላሽቷል፤ በሌላ መደገም አለበት።

ስትሪፕ ከጥንቃቄ ጉድለትም ይበላሻል። አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት እንዳይቀመጥ ይታዘዛል። በገዳሪፍ ከዝናቡ ወራት በፊት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ እንደሚያልፍ ሁላችንም እናውቃለን። ከተነገረው ደቂቃ በፊት ወይም ብዙ ዘግይቶ ማንበብም ያሳስታል።

5. በእኛ አካባቢ ለምን ይስታል?

የትምህርታችን ዋና ነጥብ ይህ ነው። አርኬ 39 መጀመሪያ የተወሰደው በደቡብ አሜሪካ ካላዛርን ከሚያመጣው የተሕዋሱ ዘመድ ነው። ስትሪፑ በ1998 እ.ኤ.አ. በሕንድ ሲሞከር እጅግ ጥሩ ሆኖ ተገኘ። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲመጣ ግን ያንኑ ያህል አልሠራም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት አምስት የፈጣን መመርመሪያ ዓይነቶችን አወዳድሮ ነበር። በሕንድ አካባቢ ከ100 ታማሚዎች ከ92 በላይ የሚሆኑትን፣ የተሻለው ደግሞ ሁሉንም ሲለይ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ግን ደካማው 37 ያህሉን፣ የተሻለው 87 ያህሉን ብቻ ለየ።

ይህን ቁጥር በእኛ ቋንቋ እንተርጉመው። ከሁሉ የተሻለው ስትሪፕ እንኳ በእኛ አካባቢ ካላዛር ካለባቸው 100 ሰዎች 13ቱን «የለባችሁም» ብሎ ይሸኛል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አንደኛ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ተሕዋስ ስትሪፑ ከተሠራበት ቁራጭ ጋር ሙሉ በሙሉ አይመሳሰልም። ሁለተኛ፣ የሱዳን ታማሚዎች ደም ከሕንድ ታማሚዎች ይልቅ አነስተኛ ፀረ እንግዳ አካል እንዳለው በጥናት ታይቷል። ሦስተኛ፣ ኤችአይቪ ያለበት ሰው ሰውነቱ ስለሚዳከም መከላከያውን በበቂ አያመርትም፤ ስትሪፑም ሊስተው ይችላል። በሁመራና በመተማ በኩል ወደ ሥራ ከሚወርዱ ሰዎች ሁለቱ በሽታዎች አብረው የሚገኙባቸው ጥቂት አይደሉም።

ተመራማሪዎች ይህን አይተው ዝም አላሉም። በ2010 እ.ኤ.አ. አርኬ 28 የሚባል ሌላ ቁራጭ ከራሱ ከሊሽማኒያ ዶኖቫኒ ተዘጋጅቶ ቀረበ፤ በሱዳንና በኢትዮጵያ ታማሚዎች ላይም ተሞክሯል። እንዲህ ያለው ሥራ የሚያስተምረን መሣሪያ አገሩን መምሰል እንዳለበት ነው። በሌላ አገር ልክ የተሰፋ ልብስ ለእኛ ሊጠብ ወይም ሊሰፋ ይችላል።

ይህንኑ በገዳሪፍ በአጎበርም አይተነዋል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከ1999 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በነበረው ጊዜ በገዳሪፍ ግዛት በሽታው ባለባቸው መንደሮች 357,000 ያህል መድኃኒት የተነከረ አጎበር አድለው ነበር። አጎበሮቹ ቀዳዳቸው ጠባብ እንዲሆን ተመረጡ፤ የአሸዋ ዝንብ ከቢንቢ ስለምታንስ በተለመደው አጎበር ቀዳዳ ልታልፍ ትችላለችና። በኋላም የካላዛር ታማሚ ቁጥር መቀነሱ ታየ። ነገር ግን ብዙ ሰው አጎበሩን የሚዘረጋው ቢንቢ በሚበዛበት በክረምት ሲሆን፣ ዝንቧ የምትበረታው ግን በበጋው መጨረሻ ነው። የመሣሪያው ንድፍ ትክክል ቢሆንም ተጠቃሚው ጊዜውን ካላወቀ ጥቅሙ ይጎድላል።

6. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ስትሪፕን እንናቅ ማለታችን አይደለም። ሁለት መስመር ካሳየና ምልክቱ ካለ፣ ከዚህ በፊት ያልታከመ ሰው ወዲያው ሕክምና እንዲጀምር ያስችለዋል። ስለዚህ የሚከተሉትን እንያዝ፦

— ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ሆድን በጋለ ብረት ማስተኮስ ጊዜ ከማባከንና ቁስል ከመጨመር በቀር ለካላዛር አይፈይድም።

— ስትሪፑ «የለም» ካለ፣ ትኩሳቱና የጣፊያው እብጠት ግን ካልለቀቀ፣ ተመልሰን እንሂድ። «ዳት ወይም የናሙና ምርመራ የሚደረገው የት ነው?» ብለን እንጠይቅ። ይህን መጠየቅ ሐኪሙን መድፈር አይደለም፤ የሕክምናው መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው።

— ከዚህ በፊት በካላዛር የታከመ ሰው ይህን ሳይጠየቅ ይናገር። ፀረ እንግዳ አካሉ ከዳኑ በኋላም ለዓመታት ስለሚቆይ ስትሪፑ ሁለት መስመር ማሳየቱን ይቀጥላል። በሽታው ማገርሸቱ የሚታወቀው በናሙና ነው።

— ከሕክምና በኋላ በፊት ላይ ነጠብጣብ ወይም እብጠት የወጣበት ሰው ለሐኪም ያሳይ። ይህ በሱዳን ብዙ ጊዜ የሚታይ የካላዛር ተከታይ ነው።

— የሕክምና ካርዳችንን እንጠብቅ። ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሱዳን የተነሳው ጦርነት የጤና አገልግሎትን አውኳል። መዝገብ ሊጠፋ፣ ሐኪምም ሊቀየር ስለሚችል ካርዱ ከእኛ ዘንድ ይኑር።

— ምልክት የሌለበት ጤነኛ ሰው «ለማንኛውም ልመርመር» አይበል። ስትሪፑ በሽታ ያልሆነውን ዱካ ሊያሳይ ይችላልና።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰፈራችሁ ከሁለት ሳምንት በላይ ያተኮሰው ሰው አለ? ምን ምርመራ ተደረገለት?

2. የጣት ደም ምርመራ «የለም» ካለ በኋላ ታማሚውን ማን ይከታተለዋል?

3. አጎበር በበጋ የማይዘረጋው ለምንድን ነው? ሙቀቱን እንዴት መቻል ይቻላል?

እነዚህን ጥያቄዎች በየብሎኩ፣ በቡና ላይም ሆነ በስብሰባ፣ ማንበብ ለማይችሉ ወገኖቻችን እያነበባችሁ ተወያዩባቸው። በተለይም ለእርሻ ሥራ ወደ ሜዳ የሚወርዱ ወጣቶች ከመሄዳቸው በፊት እንዲሰሙት አደራ እንላለን።