ከአንቀጹ ግርጌ ያለው ቅንፍ

ሲያትል፣ አንድ የሐበሻ ቡና ቤት ውስጥ ነው። ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በሕግ ቤተ መጻሕፍት ሠርተዋል። ልጅቷ የሕግ ተማሪ ናት፤ አባቷ ኡበር ይነዳል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅቷ፦ ጋሼ፣ አባባ ትናንት እንቅልፍ ነሣኝ። «ተሳፋሪ ላነሣ ስሄድ የሚያልፈው ደቂቃ ለምን አይከፈለኝም? ሕጉን ያወጡት ሰዎች ምን አስበው ነው?» ይለኛል። ሕግ አውጪው ያሰበው ነገር እንዴት ነው የሚጣራው?

ጋሼ፦ ቆይ፣ ሕጉን አንብበሽዋል?

ልጅቷ፦ ስለ ሕጉ የተጻፈ ነገር አንብቤያለሁ።

ጋሼ፦ እሱ ሌላ ነው። የ2022ቱን የዋሽንግተን ስቴት ሕግ ክፈቺው። ሁለት ዓይነት ጊዜ ለይቶ ይተረጉማል፦ ሹፌሩ ጥሪ ተቀብሎ ተሳፋሪው ወዳለበት የሚሄድበትን አንድ አድርጎ፣ ተሳፋሪ ጭኖ የሚሄድበትን ሌላ አድርጎ። የደቂቃና የማይል ዝቅተኛ ክፍያው የተሰላው በሁለተኛው ላይ ነው። የሥራ ላይ ጉዳት ዋስትናው ግን ሁለቱንም ይሸፍናል። ቃሉ ይህን ያህል ግልጽ ሲሆን ፍርድ ቤት «ምን አስበው ነው» እያለ ወደ ኋላ አይመለስም። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 በካምቤልና ግዊን ጉዳይ እንዳለው፣ አንቀጹ ከተዛማጅ ድንጋጌዎች ጋር ተነብቦም ሁለት ፍቺ ከያዘ ነው ታሪኩ የሚጠራው።

ልጅቷ፦ እሺ፣ ሁለት ፍቺ ቢኖረውስ? ከየት ልጀምር?

ጋሼ፦ ከአንቀጹ ግርጌ ካለው ቅንፍ። ብዙ ሰው እንደ ገጽ ቁጥር ዘሎት ያልፋል፤ እኔም ሥራ እንደጀመርኩ ዘልዬዋለሁ። እስቲ የዝቅተኛ ደመወዝን አንቀጽ አውጪ፣ 49.46.020።

ልጅቷ፦ «2017 ሲ 2 ኤስ 3» ይላል። ከዚያ 1999፣ 1993፣ 1989 እያለ እስከ 1959 ይወርዳል።

ጋሼ፦ «ሲ» ምዕራፍ ነው፣ በዚያ ዓመት ከወጡት ሕጎች የስንተኛው እንደሆነ የሚነግርሽ ቁጥር፤ የአዋጅ ቁጥር በይው። «ኤስ» ክፍል ነው። አዲሱ በግራ፣ አሮጌው በቀኝ። ሕጉ የተወለደው በ1959 ነው፣ ምዕራፍ 294። አሁን 2017ን ደግመሽ እይው፤ አጠገቡ ምን አለ?

ልጅቷ፦ «ኢኒሼቲቭ ቁጥር 1433፣ ኖቬምበር 8 ቀን 2016 የጸደቀ» ይላል።

ጋሼ፦ አየሽ! ያንን ሕዝቡ ነው በድምፁ ያወጣው። የ1999ኙም እንደዚያው ነው፣ በ1998 የጸደቀው ቁጥር 688። ዝቅተኛ ደመወዝ ከኑሮ ውድነት ጋር በየዓመቱ እንዲያድግ በማድረግ ዋሽንግተን ከአገሪቱ ስቴቶች የመጀመሪያ የሆነችው በሱ ነው። እንዲህ ላለው የምክር ቤት ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ አትፈልጊ። አንድ ጠበቃ በዚህ ሦስት ቀን አመላልሶኛል፤ ሕዝብ ያወጣው ነው ብለው ሊሰማኝ አልቻለም። እዚህ ላይ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ተራው መራጭ እንዴት ተረዳው ብሎ ነው። ስለዚህ ከምርጫው በፊት ለመራጮች የተላከውን፣ የደጋፊና የተቃዋሚ ክርክር ያለበትን መጽሔት ታወጫለሽ።

ልጅቷ፦ የአባባ ሕግስ?

ጋሼ፦ እሱ ከምክር ቤት የወጣ ነው፤ 2022፣ ምዕራፍ 281። ረቂቁ ቁጥር 2076 ሆኖ ከፊቱ «ኢ ኤስ ኤች ቢ» የሚሉ ፊደሎች አሉ። «ኤች ቢ» ከተወካዮች ምክር ቤት የመጣ ረቂቅ ማለት ነው። «ኤስ» ሲጨመር ኮሚቴው በሌላ ጽሑፍ ተክቶታል፤ «ኢ» ሲጨመር ደግሞ በሙሉ ጉባኤ ፊት ማሻሻያ ገብቶበታል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ጽሑፍ አለሽ። ሦስቱንም አትሚና ጎን ለጎን ዘርጊያቸው፤ የወጣውንና የገባውን በእርሳስ አስምሪበት። እኔ ከንግግር ይልቅ ስረዛ አምናለሁ። ሰው ለካሜራ ሲል ብዙ ይናገራል፤ ቃል ከረቂቅ የሚወጣው ግን ድምፅ ተሰጥቶበት ነው።

ልጅቷ፦ እዚህ ጋ «ከ600 ሺህ በላይ ነዋሪ ያለው ከተማ» ሲል ለብቻው ከፍ ያለ ክፍያ አስቀምጧል። ለምን?

ጋሼ፦ በስቴቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ከተማ ሲያትል ብቻ ናት፤ ስሟን ሳይጠራ ጠራት። ሲያትል ከ2021 ጀምሮ የራሷ የሹፌሮች ዝቅተኛ ክፍያ ድንጋጌ ነበራት። ቃሉ ግልጽ ነው፣ ምክንያቱ ግን አልተጻፈበትም። እንዲህ ዓይነቱን ነው ስለ ረቂቁ በምክር ቤቱ በተጻፉት ሪፖርቶች ውስጥ መፈለግ።

ልጅቷ፦ ሪፖርቱ ራሱ እኮ የሕግ አውጪውን ሐሳብ የሚገልጽ አይደለሁም ይላል። ታዲያ ምን ይጠቅመኛል?

ጋሼ፦ ጎበዝ! ያንን መስመር የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። አገር ቤት ከረቂቅ አዋጅ ጋር የሚቀርብ ሐተታ ዘምክንያት አለ፤ እሱን የሚጽፈው ረቂቁን ያቀረበው ወገን ነው፣ እንዲጸድቅለት። ይሄኛውን ግን ለፓርቲ የማይወግኑ የምክር ቤት ሠራተኞች ናቸው የሚጽፉት። ፍርድ ቤቶች ማስጠንቀቂያውን እያዩም ይጠቅሱታል፤ አንቺም እንደ አጋዥ ያዢው። የኮሚቴው ሪፖርት መጨረሻ ላይ ቀርበው የመሰከሩት ሰዎች ሐሳብ ተጠቃሎ አለ፣ የደጋፊው ለብቻ፣ የተቃዋሚው ለብቻ፣ ከነስማቸው። ድምፃቸውን መስማት ካማረሽ ቲቪደብሊው የሚባለው ጣቢያ በስቴቱ ዋና ከተማ በኦሎምፒያ የሚደረጉትን የምክር ቤት ስብሰባዎች ከ1995 ጀምሮ ያስተላልፋል። ከዚያ በፊት ለነበረው ኦሎምፒያ ድረስ ወርደሽ ከስቴቱ ቤተ መዛግብት የኮሚቴ ፋይል ማገላበጥ ነው፤ ቀን ይፈጃል።

ልጅቷ፦ አባባ ደግሞ መልሱን ዛሬ ማታ ነው የሚፈልገው።

ጋሼ፦ ለዛሬ ማታ የትርጓሜውን አንቀጽ አንብቢለት፣ ይበቃዋል። ረቂቁን ስትፈልጊ ግን የ2021–22ን ዘመን መምረጥሽን እንዳትረሺ። ቁጥሩ በየሁለት ዓመቱ እንደ አዲስ ስለሚጀምር የሌላ ሰው 2076 ይመጣብሻል።