የሞተር ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት

የዛሬው የሙያ ትምህርታችን በጎሮም መጠለያ ጣቢያና በጁባ ከተማ ለምትኖሩ፣ በተለይም በዶዘር፣ በግሬደር፣ በሎደርና በትልልቅ ጀነሬተር ጥገና ለተሰማራችሁ ወገኖች የተዘጋጀ ነው። ርዕሱም የሞተር ኮምፒውተር ማለትም ኢ.ሲ.ኤም. የሚባለው ዕቃ ሲበላሽ ምትኩ እንዴት እንደሚመረጥ ነው።

ዕቃው ውድ ነው። ከካምፓላ የታዘዘ እንደሆነ 192 ኪሎ ሜትር የሆነውን የኒሙሌ መንገድ አቋርጦ ነው ጁባ የሚገባው፤ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴም አንዴ የተሰካውን መልሶ መውሰድ አይወድም። ስለዚህ «ኮምፒውተሩ ነው፣ ይገዛ» ያለ መካኒክ ቢሳሳት የሚጠፋው የባለንብረቱ ገንዘብና የራሱ ስም ነው። ለስደተኛ ባለሙያ ደግሞ ስሙ ማለት ነገ የሚጠራበት ሥራ ነው።

እንደሚታወቀው የድሮዎቹ ሞተሮች ኮምፒውተር የላቸውም። ለምሳሌ በካተርፒላር 3306 ናፍጣውን የሚመጥነው ፓምፑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው 3406ኢ ግን ናፍጣው መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ የሚታዘዘው በኮምፒውተር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ኮምፒውተሩ በእርግጥ መሞቱ ይረጋገጥ። ሞተ ሲባል ጥፋቱ ከሽቦው የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። በ24 ቮልት ማሽን ላይ የኮምፒውተሩ መስመር ከሶኬቱ ዘንድ በቴስተር ሲለካ ከ22 እስከ 27 ቮልት ማሳየት አለበት። ሞተሪኖው እየዞረም ይለካ፤ ያለ ሥራ ደህና መስሎ ጭነት ሲመጣ የሚወድቅ ባትሪና የላላ የኔጌቲቭ ገመድ ብዙ ሰው አሳስተዋል። ጁባ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ዝናብ ስለሚበዛ ሶኬቱን ነቅላችሁ ውሃ ወይም አረንጓዴ ዝገት መኖሩን ተመልከቱ። አይጥም ሽቦ ትበላለች፤ ይህን የማያምን የቆመ ማሽን ከፍቶ ይይ።

ኮምፒውተሩ ለሴንሰሮች የሚልከው የ5 ቮልት መስመርም አለ። አንድ ሴንሰር ሾርት ካደረገ መስመሩን በሙሉ ይጥለውና ኮምፒውተሩ የሞተ ይመስላል። ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፤ አንዱ ሲነቀል 5 ቮልቱ ከተመለሰ በሽታው እዚያው ተገኘ። የመመርመሪያው መሣሪያ ከሞተሩ ጋር አልነጋገር ካለ ደግሞ ባትሪውን ነቅላችሁ በጄ1939 ሁለት ሽቦዎች መካከል ኦም ለኩ። ወደ 60 ኦም መሆን ሲገባው 120 ካሳየ መስመሩ ተቆርጧል ወይም ከሁለቱ የጫፍ ሬዚስተሮች አንዱ የለም።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ከሆነ ወደ ምርጫው እንሂድ። ሻጩ «ሶኬቱ ይገጥማል» ቢላችሁ ይህ ማስረጃ አይደለም። ካተርፒላር ኤ4 የሚባለውን ሳጥን ለብዙ ዓይነት ሞተሮች ተጠቅሞበታል፤ ከውጭ ሲታይ መንትያ ነው፣ በውስጡ የተጫነው ፕሮግራም ግን ይለያያል። ጀነሬተር 50 ኸርዝ ለመስጠት አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 1500 ዙር ላይ መርጋት አለበት፤ ለጭነት መኪና የተሠራ ፕሮግራም ለዚህ አይሆንም። ጉልበቱ ከፍ ያለ ፕሮግራም ከተጫነም ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ናፍጣ አግኝቶ ሊቃጠል ይችላል።

ስለዚህ በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የዕቃ ቁጥር፣ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ያለውን ተከታታይ ቁጥር፣ የማሽኑን ሞዴልና ቮልቱን በወረቀት ጻፉ፤ ፎቶግራፍም አንሡ። የዕቃው ቁጥር በሌላ የተተካ እንደሆነ ትክክለኛው ምትክ የሚታወቀው በሞተሩ ቁጥር ከአምራቹ መዝገብ ነው።

አሮጌው ኮምፒውተር በጥቂቱም ቢሆን የሚነበብ ከሆነ ሳይነቀል በፊት ያለውን መረጃ ሁሉ ገልብጡ። የኢንጀክተሮቹን ኮድ በተለይ አትርሱ። ብዙዎቹ ዘመናዊ ኢንጀክተሮች የየራሳቸው ኮድ በላያቸው ተጽፎባቸዋል፤ ኮዱ ወደ አዲሱ ካልገባ ሞተሩ ቢነሣም ሊንቀጠቀጥና ሊያጨስ ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊትም «ፕሮግራሙን ማን ይጭንልናል? በስንት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ባዶ ሳጥን በርካሽ ገዝቶ ጫኝ ፍለጋ መዞር ከሁሉ የከፋ ወጪ ነው። ያገለገለ ከሆነ ብሎኖቹ መፈታታቸውንና ማሸጊያው መነካቱን እዩ፤ የተቃጠለ ሽታም አሽቱ።

አዲሱ ከተገጠመ በኋላ በማሽኑ ላይ ብየዳ ካለ ባትሪውም የኮምፒውተሩ ሶኬትም ይነቀሉ፤ የብየዳው የኔጌቲቭ ገመድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር።