የቅባት እህል ለሞተር ነዳጅ ሲሆን ምን ያህል ኃይል ይሰጣል?

ከጣና የሚነሣው ዓባይ ካርቱም ከመግባቱ በፊት በጥንታዊቷ የአልዋ መንግሥት ከተማ በሶባ አጠገብ ያልፋል። በሶባም ሆነ በመተማ የሚኖር ሰው ናፍጣ ሲወደድበት፥ «ከሰሊጣችን ዘይት ሞተር ማስነሣት አይቻልምን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ጥያቄው ተገቢ ነው።

በእርግጥ ይቻላል። በ1900 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ አንድ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። ነገር ግን መቻሉና መጥቀሙ አንድ አይደሉም፤ ስለዚህ ሒሳቡን እንመልከት።

የአትክልት ዘይቶች በክብደታቸው የሚሰጡት ኃይል ተቀራራቢ ነው። 100 ኪሎ ዘይት በግምት የ86 ኪሎ ናፍጣን ሥራ ይሠራል። ታላቁ ልዩነት ያለው በፍሬው ውስጥ ባለው የዘይት መጠን ነው። ለምሳሌ ከእያንዳንዱ 5 ኩንታል ፍሬ ቢገኝ፦

ሰሊጥ፥ ግማሹ ዘይት ስለሆነ፥ 250 ኪሎ፤
ጉሎ፥ ከመቶ 45 ቢታሰብ፥ 225 ኪሎ፤
ኑግ፥ ከመቶ 36 ቢታሰብ፥ 180 ኪሎ፤
የጥጥ ፍሬ፥ ከመቶ 18 ቢታሰብ፥ 90 ኪሎ ዘይት ይይዛል።

ከዚህም ላይ በፋጉሎው ውስጥ የሚቀረው፥ ለእርሻውና ለመጭመቂያው የሚወጣው ኃይልም መቀነስ አለበት። ደግሞም ጥሬ ዘይት ከናፍጣ ይልቅ በጣም ወፍራም ስለሆነ ሞተሩን እንዳያበላሽ በአልኮልና በኮስቲክ ሶዳ መጣራትና መለወጥ ያስፈልገዋል።

በቁጥር ሰሊጥ ቀዳሚ ቢሆንም፥ ሰሊጥና ኑግ የቤተ ሰብ ምግብና የገበሬው ገንዘብ ናቸው። ጉሎ አይበላም፤ ነገር ግን ፋጉሎው መርዝ ስላለበት እንዲሁ ለከብት አይሰጥም፤ በለም መሬት ላይ ከተዘራም የእህልን ቦታ ይሻማል። የጥጥ ፍሬ ዘይቱ ጥቂት ነው፤ ዳሩ ግን ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰናር ግድብ ውሃ በለማው በገዚራ እንደሚታየው፥ ፍሬው የሚገኘው ለጥጡ ሲባል በታረሰው መሬት ነው።

ስለዚህ መሬት የሚመድብ ሹም «የትኛው ዘር ብዙ ዘይት አለው?» ብቻ ሳይሆን፥ «በዚህ መሬት ላይ ምን ይበላ ነበር?» ብሎም ይጠይቅ። የሞተሩ ሆድ የሚሞላው የሰው ሆድ ከጠገበ በኋላ ነውና።