ቤት አስቀድሞ በወረቀት ላይ ይሠራል



ሐርጌሳ ፈርሳ እንደገና የተሠራች ከተማ ናት። በ1988 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሲያድ ባሬ መንግሥት ጦር ከተማዋን በአውሮፕላንና በመድፍ ስለደበደባት አብዛኛው ቤት ፈረሰ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሰዶ በጅጅጋ አካባቢ እንደ ሐርትሼክ ባሉ ካምፖች ተጠለለ። ከ1991 ወዲህ ተመላሾቹ ከተማቸውን ሠሩ፤ ለብዙዎቹም ገንዘቡን የላኩላቸው በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻቸው ናቸው። ከስደተኛ ወገኖቻችንም በዚህች ከተማ በቀን ሠራተኝነትና በግንበኝነት የሚተዳደሩ አሉ። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቤት ፕላን ይሆናል።

ፕላን ምንድን ነው?

ፕላን የሚሠራውን ቤት በትክክለኛ ልክ አሳንሶ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ስኬሉ 1 ለ 100 ከሆነ፣ በወረቀት ላይ ያለው 1 ሳንቲ ሜትር በመሬት ላይ 1 ሜትር ነው። ዝርዝር ፕላን የክፍሎቹን ስፋት ብቻ አያሳይም። የመሠረቱን ጥልቀት፣ የፌሮውን ውፍረትና ብዛት፣ የበርና የመስኮቱን ልክ፣ የውኃ ቱቦውና የመብራት መስመሩ የሚያልፉበትን ቦታ ጭምር ይናገራል።

ለምን ያስፈልጋል?

1ኛ/ ሰዎችን ያግባባል። ባለቤቱ በውጭ አገር፣ ፎርማኑ በሐርጌሳ ሊሆኑ፣ ግንበኛውም የሁለቱን ቋንቋ ላያውቅ ይችላል። «ሰፋ ያለ ሳሎን» ሲባል ለአንዱ 4 ሜትር፣ ለሌላው 6 ሜትር ነው። ቁጥር ግን በሶማልኛም፣ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም ያው ነው። በክፍያ ጊዜ ክርክር ቢነሣም ፕላኑ ምስክር ይሆናል።

2ኛ/ ስሕተት በርካሽ እንዲታረም ያደርጋል። በወረቀት ላይ የተሳሳተ መስመር በላጲስ ይጠፋል። ወለሉ ከተሞላ በኋላ «ቱቦ ተረስቷል» ቢባል ግን ኮንክሪት መስበር ግድ ነው። ወደፊት ፎቅ ለመጨመር የሚያስብ ሰውም ይህን ከመጀመሪያው በፕላኑ ካላስገባ፣ መሠረቱና ኮለኑ ጭነቱን ላይችሉት ይችላሉ።

3ኛ/ ወጪን አስቀድሞ ያሳውቃል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የክፍሉ ርዝመት 5 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር ይሁን።

የግድግዳው ዙሪያ፦ 5 + 4 + 5 + 4 = 18 ሜትር
የግድግዳው ስፋት፦ 18 × 3 = 54 ካሬ ሜትር
በር (0.9 × 2.1) እና መስኮት (1.2 × 1.2)፦ 3.33 ካሬ ሜትር
ቀሪው፦ 50.67 ካሬ ሜትር

ፊቱ 40 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት ለአንድ ካሬ ሜትር 12.5 ያህል ይፈጃል። ስለዚህ 634 ብሎኬት ያስፈልጋል፤ ለስብራት 5 በመቶ ሲጨመርበት 666 ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው ግድግዳው ከመስኮት በላይ ሳያልፍ ገንዘቡ ሊያልቅበት ይችላል። ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል።

4ኛ/ ሕይወትንና ንብረትን ይጠብቃል። ኤፕሪል 1 ቀን 2022 ምሽት የሐርጌሳ ትልቁ ገበያ ዋሄን ተቃጠለ። ሱቆቹ ተጠጋግተው የተሠሩ፣ መተላለፊያውም ጠባብ ስለነበር የእሳት አደጋ መኪኖች ለመግባት ተቸገሩ። ቤትም እንዲሁ ነው። መውጫው የት ነው? ማድቤቱ ከመኝታ ክፍል ምን ያህል ይርቃል? የመጸዳጃ ጉድጓዱስ ከውኃ ማጠራቀሚያው ርቆ በቁልቁለቱ በኩል ነው? እነዚህ ጥያቄዎች መሬት ከመቆፈሩ በፊት መመለስ አለባቸው።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

«እኛ የራሳችን ቦታ የለን፤ ፕላን ምን ያደርግልናል?» የሚል ወላጅ ይኖር ይሆናል። ብሎኬት የሚሸከምና ፕላን የሚያነብ ሠራተኛ እኩል አይከፈላቸውም። ጉልበት በዕድሜ ይደክማል፤ ልክ የማንበብ ዕውቀት ግን ሰውየው በሄደበት ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ለዚህም የሚያስፈልገው ትምህርት ቤት የሚሰጠው ሒሳብ ነው፦ መደመር፣ ማባዛት፣ ስፋትና መቶኛ።

መልመጃ

1. የምትኖሩበትን ክፍል በሜትር ለክታችሁ በ1 ለ 100 ስኬል ሣሉ። በሩንና መስኮቱን አትርሱ።
2. ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 3፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ፣ በርና መስኮቱ ከላይ እንዳለው የሆነ ክፍል ስንት ብሎኬት ይፈጃል? ለስብራት 5 በመቶ ጨምሩ።

ወላጆች ሆይ፣ በግንባታ ሥራ ላይ ያላችሁ ልጆቻችሁን በልኬቱ እርዷቸው፤ እነርሱ ደግሞ በስሌቱ ይርዷችሁ።