ከመፈረምህ በፊት

ልጄ፣ እናትህን የገጨው ሚኒባስ ባለቤት ለቅዳሜ ሽማግሌ ሊልክ ነው ካልከኝ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እርቅን አልጠላም። የምፈራው ሽማግሌዎቹ ይዘውት የሚመጡትን ወረቀት ነው።

1. ቅዳሜ ምንም አትፈርሙ። የአጎትህን ክራንች ከልጅነትህ ጀምሮ ታውቀዋለህ፤ የፈረመውን ወረቀት ግን አታውቅም። የጭነት መኪና የገጨው ጊዜ የሆስፒታሉ የገንዘብ መክፈያ መስኮት ፊት ቆመን የመድኃኒት ብር አጥተን ነበር። ባለ መኪናው ጥሬ ብር ይዞ መጣ። ወረቀቱ ላይ ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ምንም ጥያቄ የለኝም የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረበት። አንብቤዋለሁ፤ ግን ዓይኔ ብሩ ላይ ነበር፤ ፈርም ያልኩትም እኔ ነኝ። ከአራት ወር በኋላ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 እንዲህ ያለው የግልግል ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል ይላል። ባለቤቱ አሁን ብር ከሰጠ ተቀበሉ፤ ደረሰኙ ላይ ግን «ለሕክምና መርጃ» ብቻ ተብሎ ይጻፍ።

2. የሹፌሩ መታሰር ለእናትህ ሳንቲም አያመጣም። ወንጀሉ ሌላ፣ ካሳው ሌላ ነው፤ ሹፌሩ በነፃ ቢለቀቅ እንኳ ካሳ መጠየቅ ትችላለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ባለቤቱን ራሱን ተጠያቂ ያደርገዋል፤ መኪናውን ያለ ፈቃዱ ሰው ነድቶት ቢሆንም እንኳ። «እኔ አልነዳሁም» ቢላችሁ አትደንግጡ። ታርጋውንና ሊብሬው ላይ ያለውን ስም ያዝ።

3. ትራፊክ ፖሊሱ ያነሳውን ፕላን ግልባጭ ጠይቅ። የተጎጂው ጥፋት ካለበት ካሳው ይቀነሳል፤ ስለዚህ እናትህ ስትገጭ ዜብራው ላይ እንደነበረች መጻፉን በዓይንህ እይ። በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ አይታለች ብለኸኛል፤ ስሟንና ስልኳን ዛሬውኑ ተቀበል፤ ክረምቱ ሲያልፍ እዚያ ቦታ አታገኛትም።

4. ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ መኪና የሦስተኛ ወገን መድን መግባት ግዴታው ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳትም እስከ 40,000 ብር ወስኖ ነበር፤ ዛሬ የሚሠራበትን መጠን መድን ድርጅቱን ጠይቅ። ያ ገደብ ግን የመድኑ እንጂ የባለቤቱ አይደለም። ጉዳቱ ከዚያ ከበለጠ ቀሪውን ከባለቤቱ በፍርድ ቤት ትጠይቃላችሁ። ሽማግሌዎቹ «ኢንሹራንሱ ይከፍላል፣ በቃ» ቢሉ ይህን በትሕትና ንገራቸው። ገጭቶ ላመለጠ ወይም መድን ለሌለው መኪና ደግሞ የመድን ፈንድ አለ፤ ጎረቤት ከጠየቀህ ንገረው።

5. ካሳ የሚለካው በጉዳቱ ነው፤ ጉዳቱን የሚያስረዳው ደግሞ ወረቀት ነው። የመድኃኒቱን፣ የራጁን፣ የታክሲውን ደረሰኝ አንድም ሳትጥል አስቀምጥ። እናትህ የደመወዝ ወረቀት የላትም፤ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። ባለ ሱቆቹ በየቀኑ ስንት እንጀራ እንደተቀበሉ የሚጽፉበት ደብተር አለ፤ ለምናቸውና ገጾቹን ፎቶ አንሳ። የጉዳቱን ልክ በትክክል ማወቅ ካልተቻለ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2102 ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ይፈቅድለታል፤ ዳኛውም ቢሆን መነሻ ይፈልጋል። የእጇ ጉዳት በመቶኛ የሚወሰነው በሐኪሞች ቦርድ ነው፤ ዳግመኛ ምጣድ ላይ ሊጥ ማዞር ትችል እንደሆነ ሳይታወቅ በገንዘብ መስማማት የአጎትህን ስህተት መድገም ነው።

6. ስለ ሞራል ካሳ ብዙ ተስፋ አታድርግ። አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር አያሳልፍም። በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንዲት እናት ሌሊት በሕመም ስትነቃ ያደረችበትን በዚያ መተመን ያሳዝነኛል፤ መሻሻልም አለበት ባይ ነኝ። ጉልበትህን ባጣችው ገቢ ላይ አውለው።

7. ካሳ የሚጠየቀው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ለወንጀሉ ረዘም ያለ ጊዜ ከተወሰነ ያ ሊጠቅማችሁ ይችላል፤ ግን በዚያ አትተማመን። የዳኝነት መክፈያ ከሌላችሁ በደሃ ደንብ መክሰስ ይቻላል፤ የዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። ፕላኑንና የደብተሮቹን ፎቶ አዘጋጅተህ ጠብቀኝ፤ ሽማግሌዎቹን አብረን እንቀበላቸዋለን።